ሳልጣላ የታረቅሁበት ኅዳር

ሰኞ፣ ኅዳር 2። ጠዋት።

በጥልቅ ሐዘን ይፋ የሚደረግ፦ ጓዳና ሳሎን ሳትመርጥ ለዓመታት ያገለገለችን የቀኝ እግር ነጠላ ጫማዬ፣ ዛሬ ማለዳ በሥራ ገበታዋ ላይ እያለች ማሰሪያዋ ተበጥሶ በድንገት ተለይታናለች። ሥርዓተ ቀብሯ የሽንኩርት ልጣጮች በተገኙበት በጓሮ በርሜል ተፈጽሟል። የግራዋ ለጊዜው ማንንም አታነጋግርም።

ክቡር ደብተር ሆይ፣ ሌላ ዜና ስለሌለ ነው። ጄኔሬተሩ ይንኳኳል። የውሃ ቦቴ አልመጣም። ክፍል ስምንት ያረፈው ኡጋንዳዊ መሐንዲስ እንቁላሉ ጠነከረ ብሎ አቤት ብሏል። አቤቱታው ታይቶ ውድቅ ሆኗል። የጁባው ሰፈራችን ሀይ ጀላባ እንደ ወትሮዋ፣ አቧራና ሞተር ሳይክል።

ሰብለ ቁርስ ላይ ዓይኔን አየችና ደክሞሻል አለች። እውነቷን ነው። ይህን ቤት ሁለታችን ነን ያቆምነው። እኔ ጓዳውን፣ እሷ ካሸሩን። ግቢውን ከማማ ሬቤካ ስንከራይ አንድ የማንጎ ዛፍና አንድ የዛገ ኮንቴይነር ነበር። አሁን አልጋ ቤትም፣ ምግብ ቤትም፣ ሐሜትም ያለው ሙሉ ተቋም ነው። ውሉ ላይ ስማችን ጎን ለጎን ነው፤ የሰብለ ፊርማ እንደ ሐረግ፣ የኔ እንደ ተረገጠ ጉንዳን።

ውሉ በዚህ ወር ያልቃል። ሰብለ አታስቢ፣ እኔ እጨርሰዋለሁ አለች። አላሰብኩም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 5።

ቪዛ መጣ። ተቋሙ በደስታ ተናወጠ።

ለታሪክ ይመዝገብ። የኤንጂኦ ደንበኞቻችን «አር ኤንድ አር» የሚሉት ነገር አላቸው። ጁባ ጥቂት ሳምንት ሠርተው ሳምንት ሄደው ያርፋሉ። ግዴታ ነው፣ አላርፍም ማለት ራሱ ጥፋት ይመስለኛል። ስስቅባቸው ኖርኩ። ባለፈው ወር ሰብለ አንቺም አር ኤንድ አር ትወጫለሽ ብላ ተነሣች። ትኬቱን ራሷ ቆረጠች። አገሩ ደቡብ አፍሪካ፣ ከተማው ኬፕታውን፣ ጊዜው አንድ ሳምንት፣ አጃቢ ጋሽ ተሾመ።

ጋሽ ተሾመ የማኅበረሰባችን ሽማግሌ ናቸው። የባንክ ሰው፣ ጡረታ ሊወጡ የደረሱ፤ ጁባ ውስጥ ባልና ሚስት ቢጣላ፣ ሸሪክ ቢካካድ፣ መጀመሪያ የሚደወለው ለሳቸው ነው። ኬፕታውን ልጅ አለቻቸው። ከሁሉ በላይ ደሴቱን ማየት ይፈልጋሉ፤ ድሮ እስር ቤት የነበረ፣ አሁን ሙዚየም የሆነ፣ በጀልባ የሚኬድበት። ወጣት ሳሉ አንድ ቀበሌ ውስጥ ወራት ታስረው ነበር። የታሰሩበት ቤት ዛሬ የእህል መጋዘን ነው። እስር ቤት ሙዚየም ሲሆን ምን እንደሚመስል ልየው ይላሉ።

እኔ ግን፣ ደብተር፣ በዚህ ዕድሜዬ ያገኘሁትን አንድ እረፍት እስር ቤት ላሳልፈው ነው።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 7። አውሮፕላን ማረፊያ።

የሽኝት ዘገባ። ከጀበል ሰፈር መጡ፣ ከሎሎጎ ሰፈር መጡ። አራት መኪና። ለሳምንት ጉብኝት አራት መኪና ሰው የሚሸኘኝ መሆኑን ባውቅ ኖሮ ፀጉሬን እሠራ ነበር።

ሰብለ አንገቴን አቅፋ ታለቅሳለች። የምር ልቅሶ፣ ከሆድ። ምን ሆንሽ ስላት ጭራሽ ባሰባት። ወንድሟ ናሁሠናይ በስልክ ይቀርጻል። ከአዲስ አበባ ከመጣ ሦስት ወሩ ነው። የአባታቸውን ቤት ሸጦ፣ ጁባ ላይ ምን ልሥራ እያለ ከማንጎው ሥር ይቀመጣል። እጅሽን አውለብልቢ አለኝ፣ አውለበለብኩ። ደብዘዝ ብሏል፣ ድገሚው አለኝ፣ ደገምኩት። አንዷ ሴት እዚያም ይቅናሽ ብላ መረቀችኝ። ምን እንደሚቀናኝ አልገባኝም፣ አሜን አልኩ።

የምወደድ ሰው መሆኔ በዛሬው ዕለት በይፋ ተረጋግጧል።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10። ኬፕታውን።

ነፋስ። ጀልባው ተሰረዘ። ለነገ ቀየሩልን።

ጋሽ ተ. የገዙትን ባርኔጣ ነፋሱ ወሰደው። አላሳደዱትም፣ ቆመው ሸኙት። ምግብ አይበሉም። የልጃቸው ቤት ሥጋው፣ ወይኑ፣ ሁሉ አለ። የነቢያት ጾም ሊገባ አምስት ቀን ሲቀረው ሰው እንዲህ ይጾማል? ሁለት ጊዜ ትዕግሥተኛ ነሽ ወይ ብለው ጠየቁኝ። ጋሽ ተሾመ፣ እንቁላሉ ጠነከረ የሚል ሰው በየቀኑ ችዬ እኖራለሁ፣ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል አልኳቸው። አልሳቁም።

ሰብለ መልእክት ልካለች፦ ዘና በይ፣ ስለ ቤቱ አታስቢ። በቀን ሦስቴ ነው አታስቢ የምትለኝ። አለማሰብ እንዲህ ክትትል የሚፈልግ ሥራ መሆኑን አላውቅም ነበር።

ረቡዕ፣ ኅዳር 11። ደሴቱ፣ ከዚያ ጀልባው ላይ።

በቅደም ተከተል ልጻፈው፤ ፊደሉ ቢንጋደድ ግማሹ የባሕሩ ነው።

ስንሄድ ባሕሩ አናወጠን። አንድ ቱሪስት በፌስታል አስመለሰ። ደረስን። ድንጋይ፣ ሽቦ፣ ወፍ። አስጎብኚው ራሱ እዚያ ታስሮ የነበረ ሰውዬ ነው፤ ረጅም፣ ዝግ ብሎ የሚናገር። ሰው ከብረት ፍርግርጉ ጀርባ ቆሞ ፎቶ ለመነሳት ወረፋ ይዟል። ያኔ ለመውጣት ይለመን ነበር፣ ዛሬ ለመግባት ይገፋፋሉ። በር ላይ የክፍል ቁልፍ የመሰለ የቁልፍ መያዣ ይሸጣል። ለክፍል ስምንት አንድ ልገዛ ነበር።

አንዲት ጎብኚ ያሠሩህን ይቅር ብለሃል ወይ ብላ ጠየቀችው። በየቀኑ ይጠየቃል መሰለኝ፣ አልደነገጠም።

«የዚህን መልስ የምሰጠው ይቅር በለኝ ብሎ ለመጣው ሰው ነው» አላት። «እስከዛሬ አንድ መጥቷል።»

ከዚያ ጠባቧን ክፍል አሳየን። የፈለገ ለአንድ ደቂቃ በር ተዘግቶበት መቆየት ይችላል፣ ሁለት ሁለት ሆናችሁ አለን። ጋሽ ተ. ይቅርብኝ አሉ። እኔ ነኝ ጎትቼ ያስገባኋቸው። የመጣነው ለዚህ አይደል ወይ ብዬ። እየሳቅኩ።

በሩ ተዘጋ። እሳቸው ግድግዳውን በመዳፋቸው ይዘው ቆሙ። ትንፋሻቸው ይሰማኛል። ላስቃቸው ብዬ አፌን ስከፍት ቀደሙኝ።

«ትርሲትዬ፣ ውሉ ሰኞ ታድሷል። ያንቺ ስም የለበትም።»

ሳቅኩ። የእስር ቤት ጨዋታ መሰለኝ። ቀጠሉ፣ ዓይናቸውን ከግድግዳው ሳያነሡ፣ በሩ እስኪከፈት ለመጨረስ እንደሚሮጥ ሰው። የገባው የሰብለና የናሁሠናይ ስም ነው። ናሁሠናይ ለኪራዩ ገንዘቤን የማወጣው ስሜ ካለ ብቻ ነው ብሏታል፣ ሦስት ስም አይሆንም ብሏል። እሷ መርጣለች። መርጣ ስታበቃ እግዚአብሔርን ፈራች። ወደ ሽማግሌዎቹ ሄዳ ከትርሲት አስታርቁኝ አለች።

መች ተጣላን አልኩ። ገና ናችሁ አሉኝ።

ደብተር ሆይ፣ እዚህ ጋ ተደላድለህ ተቀመጥ። ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡ። ትርሲት ከሰማች ትጮኻለች፣ ምላሷ ይታወቃል፣ ሐበሻው ለሁለት ይከፈላል፣ ጾም ሊገባ ነው ተባለ። ስለዚህ ጠቡ ከመጀመሩ በፊት ዕርቁ ይለቅ ተባለ። እኔ በደመወዝ የጓዳ ኃላፊ ሆኜ እንድቀጥል ተወሰነ። ካሳም ተቆረጠ። በመጨረሻ ሰብለ ወድቃ ይቅርታ ልትጠይቅ ሆነ፣ ተበዳይ ግን የለችም። ተበዳይዋ ጓዳ ውስጥ ሽንኩርት ትከትፋለች። ስለዚህ አንድ ሰው በእኔ ቦታ መቆም ነበረበት።

«ማን ቆመልኝ?»

«እኔ» አሉ። «ባንቺ ስም ጉልበቴን ሳመች። ባንቺ ስም አነሣኋት።»

በሩ ተከፈተ። አስጎብኚው እንዴት ነበር አለን። ከእኛ በፊት የገቡት በጣም ልብ ይነካል ሲሉ ነበር። እኔ ጠበበኝ አልኩት።

አሁን ተመላሹ ጀልባ ላይ ነን። ጋሽ ተ. ከጎኔ ናቸው፣ ውሃውን ያያሉ። እሳቸውን ያኔ ቀበሌ ያስገባቸው አብሯቸው አንድ ወንበር ላይ የተማረ ልጅ ነበር። ጠዋት ቁርስ አብልቷቸው፣ ከሰዓት ጠቆመባቸው። ያ በር ሲዘጋ ልጁ ትዝ አለኝ፣ ፊቱን ሳየው የኔ ሆነብኝ አሉ። አይዞዎት አልኩ። የተከዳሁት እኔ፣ አይዞዎት የምለው እኔ።

ውሳኔ ቁጥር አንድ፦ ሰብለ ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ደብተር «ሰ.» ተብላ ትጠራለች። የቀሩት ሁለት ፊደላት ተወርሰዋል።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 14። ጁባ።

አውሮፕላን ማረፊያው ላይ የጠበቀኝ የለም። አራቱም መኪና ሥራ ነበረበት።

ግቢው ውስጥ ግን የጾም ቅበላ ተደግሷል። ሽማግሌዎቹ በረድፍ፣ ነጠላ ለብሰው። ጋሽ ተሾመ አብረውኝ ገብተው ከነሱ መካከል ተቀመጡ፣ ቦታቸው ተጠብቆላቸዋል። ከዚያ ሰ. ከመሐል ወጥታ እግሬ ላይ ወደቀች።

ልጣላ ነበር የመጣሁት። በአውሮፕላኑ ውስጥ ንግግር አዘጋጅቻለሁ፣ ሦስት ክፍል ያለው፣ ሁለተኛው ክፍል ስድብ ብቻ። ግን እግሬ ላይ ሰው ወድቋል። ሰው ሁሉ ያየኛል። እጄ ራሱ ወርዶ አነሣት። እንደዚያ ነው ያደግነው፤ የወደቀ ሰው ይነሣል፣ ምን ሰረቀኝ የሚለው ሌላ ቀን ነው። ጆሮዬ ሥር አለቀሰች።

«እህቴ ነሽ እኮ። ምን ይለወጣል? ስም ነው እንጂ።»

ይቅር ለእግዚአብሔር አልኩ። እልልታ። ጠረጴዛው ላይ በእኔ ድስት፣ በእኔ ጓዳ፣ ሌላ ሰው የሠራው ዶሮ ወጥ። ጨው በዝቶበታል። ሁለት ጊዜ አወጣሁ።

ይፋ መግለጫ፦ ይቅር ብያለሁ። ጉዳዩ ተዘግቷል።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 17።

የጓዳ ኃላፊ ሪፖርት። ሽሮ ቀረበ። ምስር ቀረበ። ናሁሠናይ ካሸሩ ክፍል ስትገቢ አንኳኪ አለኝ። ያንን በር ራሴ ነኝ ቀለም የቀባሁት። አንኳኳሁ።

ከሰዓት ማማ ሬቤካ መጡ፤ ባለ ግቢዋ። ዘወትር ከማንጎው ሥር ቁጭ ብለው ሻይ ይጠጣሉ። ትሪ ይዤ ስወጣ አዩኝ። ተነሡ። ፊቴን በሁለት እጃቸው ያዙ፣ እንደ ሐብሐብ አገላበጡኝ። በጁባ ዓረብኛ፣ «ኡሞን ጋሊ ኢታ ሩዋ» አሉ። ሄዳለች ነው ያሉኝ ማለታቸው ነው።

የት ሄድኩ? ደቡብ አፍሪካ። ጠቅልዬ። የኛ ሰው በዚያ በኩል መሄዱ የታወቀ ነው፣ ማን ይጠራጠራል። ማስረጃውም ቀርቦላቸዋል። ናሁሠናይ ቪዲዮውን አሳይቷቸዋል። እኔ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ እጄን ሳውለበልብ፣ ሰው ሁሉ ሲያለቅስ። የፈረሙት እሱን አይተው ነው። አብሬሽ አለቀስኩ አሉኝ።

የተመረጠው ሁለተኛው ቅጂ መሆን አለበት። የመጀመሪያው ደብዝዟል።

ትሪውን አስቀመጥኩ፣ ቁጭ አልኩ። በጓዳ ዓረብኛዬ ሁሉንም ነገርኳቸው። ደሴቱን ለማስረዳት ከበደኝ፤ ሰው ከፍሎ እስር ቤት ይጎበኛል ስላቸው አላመኑኝም። የቀረውን ሁሉ ወዲያው አመኑ።

ከዚያ እንዲህ አሉ። ግቢዬን የሰጠሁት ለሁለት ሴቶች ነው፣ ስሙን መጥራት ለሚቸግረኝ ልጅ አይደለም። በውሸት የፈረምኩትን ወረቀት ራሴ እቀደዋለሁ። ነገር ግን ሽማግሌዎቻችሁ ትናንት ቤቴ መጥተው ትርሲት ተመልሳለች፣ በሰው ፊት ይቅር ብላለች፣ አልቋል ብለውኛል፤ ምኑን እንደሆነ ገና አሁን ገባኝ። እኔ የቤተ ክርስቲያን ሴት ነኝ፣ በሽማግሌ ፊት ይቅር የተባለ ነገር አልከፍትም።

ብርጭቆውን አስቀመጡ።

«አንቺ በአፍሽ ንገሪኝ። ይቅር ብለሻል?»

ክቡር ደብተር ሆይ፣ ይህ ምላስ ለማንም አርፎ አያውቅም። ዝም አልኩ። እሑድ ለሻይ እመጣለሁ፣ ያኔ ትነግሪኛለሽ ብለው ሄዱ። ለሽማግሌዎቹም በዚያው ቀን ትነግሪያቸዋለሽ አሉ፤ ለእኔ ብቻ በጆሮዬ አይሆንም።

ዓርብ፣ ኅዳር 20።

ለዝምታ የቀረቡ ምክንያቶች። ደመወዝ አለ። ጣራ አለ። ጁባ ውስጥ ሽማግሌን ያሳፈረች ሴት ልጇን ክርስትና የሚያነሣላት አታገኝም። ልጅ የለኝም፣ ግን መርሑ መርሕ ነው።

ሰ. ጠዋት ጓዳ መጣች። ሽንኩርት አነሣች፣ ከጎኔ መክተፍ ጀመረች፣ እንደ መጀመሪያው ዓመት። ያኔ ጋዝ ሲያልቅ በከሰል፣ ከሰል ሲያልቅ በሳቅ ነበር የምንሠራው። አባቴ ቤቱ ሲሸጥ ወንድምሽን አደራ አለኝ አለች። አምናታለሁ። ያ ነው የሚያናድደኝ። ክፉ ብትሆን ኖሮ በአንድ ቀን ረስቻት ነበር።

አንድ ነገር ልትይ ነው አይደል አለችኝ። ሽንኩርቱን ቀጠን አድርጊው አልኳት።

ለጋሽ ተሾመ ደወልኩ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ግቢው ውስጥ፣ ያው ሽማግሌዎች ባሉበት እናገራለሁ፤ እርስዎ ባሉበት አልኩ። ከስልኩ ጀርባ የቤተ ክርስቲያን መዝሙር ይሰማል፣ በሬዲዮ።

«ከተናገርሽ እኔ ዋሾ እሆናለሁ» አሉ።

ስልኩን ወደ ሌላኛው ጆሮዬ አዞርኩ።

«ልሁና» አሉ።

እሑድ፣ ኅዳር 22። ከቅዳሴ በፊት።

ተወስኗል። አስጎብኚው ያለው ከራሴ አልወጣ አለ። መልሱን የሚሰጠው ይቅር በለኝ ብሎ ለመጣው ሰው ነው። ሰ. እግሬ ላይ የወደቀችው ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ነው። በመጀመሪያው ይቅርታዋ የጋሽ ተሾመን ጉልበት ነው የሳመችው። እኔን ጠይቃኝ አታውቅም። ጠባቂ አስመድባ፣ ቪዛ አስመጥታ፣ ባሕር አሻግራ ነው ያስታረቀችኝ።

ስድቡን ሁለተኛ ክፍል አውጥቼዋለሁ። ማማ ሬቤካ እንዲገባቸው በዓረብኛ፣ ሽማግሌዎቹ እንዳይድበሰበሱ በአማርኛ አነባለሁ። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን አላውቅም። ምናልባት ግማሹ ቤት ይመለሳል፣ ምናልባት ነገ ሎሎጎ አንድ ድንኳን ውስጥ ሽሮ እሸጣለሁ። ነጠላዬን ለብሻለሁ። የማነበው ይህ ነው፦

እርማት

በኅዳር 14 ቀን፣ ሽማግሌዎችና የቅበላ ተጋባዦች በተገኙበት፣ እንዲሁም በዚሁ ደብተር «ይቅር ብያለሁ፤ ጉዳዩ ተዘግቷል» ተብሎ የተገለጸው ትክክል ባለመሆኑ እንደሚከተለው ታርሟል። ባለጉዳይዋ ይቅር አላለችም። በእሷ ስም ይቅር እንዲል የወከለችው ሰው የለም። ባለጉዳይዋ ደቡብ አፍሪካ ለጉብኝት ሄዳ ተመልሳለች፤ ጠቅልላ ሄደች የተባለው ሐሰት ነው። ስሟ ከግቢው ውል እንዲወጣ ለማንም አልፈቀደችም። ጉዳዩ ክፍት ነው። ስለተፈጠረው ስህተት ባለጉዳይዋ ይቅርታ አትጠይቅም።